የጎርፉን መንገድ የዘጋው ማነው?

ጎንደር የተቆረቆረችው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ነው። ክረምት ላይ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ወደ ወንዞቹ የሚደርሰው በየሰፈሩ ባሉ ትንንሽ ሸለቆዎችና ቦረቦሮች በኩል ነው። እነዚህ መውረጃዎች በበጋ ደረቅ ስለሆኑ የማንም ያልሆነ ባዶ ቦታ ይመስላሉ። አንዱ አጥሩን ያስጠጋባቸዋል፣ ሌላው የመሠረት ቁፋሮ አፈር ይደፋባቸዋል። ሐምሌ ሲገባ መንገዱን ያጣው ውሃ የታችኛውን ቤት ግድግዳ ይገፋል። ያኔ ተጎጂው የሚሰማው መልስ «የእግዜር ዝናብ ነው፣ ማንን ልትከስ ነው?» የሚል ነው። ይህ መልስ በሕግ ዓይን ስህተት ነው። ዝናቡን ማንም ሊከስ አይችልም፤ የውሃውን መንገድ የለወጠ ሰው ግን ይጠየቃል።

መነሻችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ነገሩ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ አለማለፉ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ተፈጥሮ እንዲታይ ያዛል። እንደ ጎንደር ላለ ዳገታማ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዳገት ላይ የቦታ ተፈጥሮ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የውሃ መውረጃው ነውና። የሰሜን ጎንደር ደገኛ ገበሬ ከማሳው ፈሰስ ሲያወጣ ውሃው በማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ የሚጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በራሱ ጊዜ በቀድሞ መንገዱ የሚወርደውን ውሃ የታችኛው ሰው ይችላል፤ ተሰብስቦ ወይም አቅጣጫው ተለውጦ የሚለቀቅበትን ግን እንዲችል አይገደድም። በቁጥር እንየው። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 5,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ 25 በርሜል ማለት ነው። በሰፊ መሬት ላይ ተበትኖ የሚወርድ ውሃና በአሸንዳ ተሰብስቦ በአንድ ጎረቤት አጥር ሥር የሚለቀቅ 25 በርሜል እኩል አይታዩም።

የላይኛው ሰው «ካርታ አለኝ፣ የግንባታ ፈቃድም አለኝ» ማለቱ አይቀርም። ፈቃድ ሥራው ከከተማው ፕላን ጋር መስማማቱን ያሳያል እንጂ ጎረቤትን የመጉዳት መብት አይሰጥም። ወንዝ ዳር ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 አለ፤ አንቀጽ 25 በተከለለ የውሃ ዳርቻ መኖሪያ ቤት መሥራትን መከልከል ይቻላል ይላል። በጋ የሚደርቅ የሰፈር ቦረቦር በዚህ አዋጅ ይሸፈናል ወይ የሚለው ግን ስለሚያከራክር ክስዎን በእሱ ላይ ብቻ እንዳይመሠርቱ እመክራለሁ። የላይኛው ሰው «አንተስ ቦረቦሩ ውስጥ አይደለም እንዴ የሠራኸው?» ካለ ግን ክርክሩ ሚዛን አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2098 ተጎጂው ለራሱ ጉዳት ያደረገው ጥፋት ካለ ካሳው እንዲቀነስ ስለሚፈቅድ፣ መውረጃው ላይ የሠራ ሰው ሙሉ ካሳ አይጠብቅ።

ውሃውን ያዞረው የመንግሥት መንገድ ቢሆንስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ መቁረጥ ግን የለበትም። በአንቀጽ 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባደረገው ጥፋት ጉዳት ከደረሰ ካሳው ከመንግሥትም ሊጠየቅ ይችላል። ማስረዳቱ ግን ከባድ ነው። የኮብልስቶን መንገዱ ዳር ቦይ መጨረሻ ሳይበጅለት ከቤቶች በላይ መቋረጡን ማሳየት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከጉዳቱ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ የቀረበ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አደጋውን እያወቀ ዝም ያለ መሥሪያ ቤት «አልደረሰኝም» ሊል አይችልምና።

የቁፋሮ አፈር በቦረቦር መድፋት የአንድ ጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጎንደርን ሕዝብ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል ምን ያህል እንደተጎዳ የከተማው ነዋሪ ያውቃል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ብዙ መብት የሚጠፋው ግን በጊዜ ነው። በይዞታዎ ላይ የተፈጠረው ሁከት እንዲወገድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 የሚያቀርቡት ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል፤ በአንቀጽ 2143 መሠረት የጉዳት ካሳም እንዲሁ። የሁከት ክስ የሚመሠረተው በይዞታ ላይ ስለሆነ ካርታ ያልወጣለት ባለይዞታም ሊያቀርበው ይችላል። ጎረቤትን ከመክሰስ ሽምግልና ይሻላል የሚሉ ትክክል ናቸው፤ እኔም አስቀድሜ የምመክረው እሱን ነው። ሆኖም ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ 2 ዓመቱ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፣ የተስማሙበትንም በጽሑፍ አድርገው ይፈርሙ። ግንባታው ገና እየተጀመረ ከሆነ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ጊዜያዊ እግድ ይጠይቁ፤ ያለቀ ግንብ ከማስፈረስ ያልተጀመረን ማስቆም ይቀላል።

ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ የሰፈርዎን መውረጃ ከላይ እስከ ታች ሄደው ይዩት፤ የተዘጋበትን ቦታ ፎቶ ያንሱ። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ በግድግዳዎ ላይ የደረሰበትን ልክ ምልክት ያድርጉበት። አቤቱታዎን በሁለት ቅጂ ጽፈው ያስገቡ፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበትን አንዱን ቅጂም በእጅዎ ያስቀሩ።