የጎደለ ጥርስን መተካት፦ ከመጀመራችን በፊት ምን እንወቅ?



በአሊ አዴና በሆልሆል ካምፖችም ሆነ እዚህ ጅቡቲ ከተማ ከምንኖረው ስደተኞች መካከል ጥርስ የጎደለው ሰው ጥቂት አይደለም። አንዱ ሕመሙ ሲጠናበት ያስነቀለ ነው፤ ሌላው በመንገድ ላይ በደረሰበት ድብደባ ወይም በመውደቅ ያጣ ነው። «ጥርስ ማስተከል ይሻላል ወይስ ማስገጠም?» የሚል ጥያቄም ደጋግሞ ይቀርብልናል። እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ምርመራውም ውሳኔውም የሐኪም ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች ስላሉ በዛሬው ትምህርታችን የጎደለ ጥርስ በምን በምን መንገድ እንደሚተካ፣ በተለይም ነገ የት እንደሚኖር ለማያውቅ ስደተኛ የትኛው መንገድ እንደሚስማማ እንመለከታለን።

1. ጥርስ ሲጎድል ምን ይሆናል?

የአዋቂ ሰው ጥርስ ሲሟላ 32 ነው። አንዱ ሲወጣ በግራና በቀኝ ያሉት ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከፊት ለፊቱ ያለውም ገጣሚውን ስላጣ ቀስ በቀስ ይረዝማል። ጥርሱን ይዞ የነበረው የመንጋጋ አጥንትም ሥራ ሲፈታ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ይህም በይበልጥ የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ይህ ማለት ግን ክፍተት ሁሉ የግድ መሞላት አለበት ማለት አይደለም። ከኋላ አንድ መንጋጋ የጎደለው ሰው ምግቡን በደንብ የሚያኝክ ከሆነና ሌሎቹ ጥርሶቹ ጤነኞች ከሆኑ ሐኪሙ «ተወው» ሊለው ይችላል።

2. ሦስቱ መንገዶች

ሀ. የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ከድድ ቀለም ጋር በሚመሳሰል ፕላስቲክ ላይ ይሠራል፤ አንዳንዱ የብረት መያዣ አለው። ማታ ይወልቃል፣ ይታጠባል፣ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ከሦስቱ ዋጋው ዝቅ ያለና ቶሎ የሚያልቅ ነው። ጉድለቱ መንቀሳቀሱና ለመልመድ ጊዜ መፈለጉ ነው።

ለ. ድልድይ። ሐኪሞች ብሪጅ ይሉታል። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ይቀጥኑና ሽፋን ይለብሳሉ፤ የጎደለው ጥርስ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ተያይዞ ይሠራል። ተጣብቆ ስለሚቀር አይወልቅም። በደንብ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን አንዴ የተሞረደ ጥርስ ወደ ነበረበት አይመለስም። አንድ ጥርስ ለመተካት ሁለት ጤነኛ ጥርስ ይነካል ማለት ነው።

ሐ. የሚተከል ጥርስ፣ ማለትም ኢምፕላንት። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ትንሽ የቲታኒየም ብሎን ይገባል፤ ይህ እንደ ሥር ያገለግላል። በላዩ ላይ ሽፋን ይገጠምለታል። የጎን ጥርሶችን አይነካም። ዋጋው ከሦስቱ ከፍተኛ ነው፤ ጊዜውም ረጅም ነው።

3. ኢምፕላንት ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1952 ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባሉ ስዊድናዊ ተመራማሪ በአጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ሲያጠኑ በጥንቸል እግር ላይ የቲታኒየም መመልከቻ አስገቡ። ጥናቱ ሲያልቅ ሊያወጡት ቢሞክሩ አልወጣ አለ፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተያይዞ አድጎ ነበር። ከዚህ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1965 ዬተቦሪ በተባለችው የስዊድን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጥርስ ተከሉ። ያ ታካሚ እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም ከ40 ዓመት በላይ በተተከለለት ተጠቅሟል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሥራው ከተሳካ ዕድሜው ረጅም ነው። ሁለተኛ፣ ብሎኑን የሚይዘው ማጣበቂያ ሳይሆን የራሳችን አጥንት ነው። አጥንት ደግሞ አይቸኩልም። ብሎኑ ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። ሽፋኑ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። አጥንቱ የሟሸሸበት ሰው አስቀድሞ አጥንት ማስጨመር ሊያስፈልገው ስለሚችል ጊዜው ይረዝማል።

ለሁሉም ሰውም አይሆንም። መንጋጋቸው አድጎ ላልጨረሰ ልጆች አይተከልም። የስኳር በሽታው ቁጥጥር ሥር ያልዋለ፣ የድድ በሽታው ያልታከመና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ብሎኑ ሳይያዝለት የመቅረት ወይም ቆይቶ የመነቃነቅ ዕድሉ ከፍ ይላል። በጫት ሰዓት ሲጋራውና ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ አብረው የሚሄዱ በመሆናቸው ይህን ልብ ማለት ይገባል።

4. ለስደተኛ ዋናው ጥያቄ፦ የጀመርነውን ማን ይጨርሰዋል?

እኛ የምንኖረው በመጠባበቅ ነው። አንዱ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበትን ፕሮሰስ ይጠብቃል፤ ሌላው በፈቃዱ ወደ አገሩ ሊመለስ ያስባል። ብሎኑ ጅቡቲ ገብቶ ሽፋኑ ሳይገጠም ጉዞ ቢመጣስ? ኢምፕላንት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው፤ የአንዱ ብሎን ከሌላው መፍቻና ሽፋን ጋር ላይገጥም ይችላል። በሌላ አገር ያለ ሐኪም የብሎኑን ዓይነት ካላወቀ ሥራውን ለመጨረስ ይቸገራል፤ ያላለቀው ሥራና የወጣው ገንዘብም በታካሚው ላይ ይቀራሉ።

ስለዚህ ጉዞው የተቃረበ ሰው ለጊዜው የሚወልቀውን ጥርስ አሠርቶ ተከላውን ለሚሄድበት አገር ቢያቆየው ይመረጣል። ተከላውን የጀመረ ሰው ደግሞ የፋብሪካውን ስም፣ የብሎኑን ዓይነትና መጠን እንዲሁም የገባበትን ቀን በጽሑፍ ተቀብሎ ከስደተኛ ወረቀቱ ጋር ያስቀምጥ። የኤክስሬዩንም ቅጂ ይጠይቅ።

ወጪን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የሕክምና አገልግሎት የማግኘት መብት ይሰጠናል። ይህ ግን ማንኛውም ሕክምና በነፃ ይሰጣል ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ወደ ካምፑ ጤና ጣቢያ ቀርባችሁ ተመርመሩ፤ ወደ ከተማ በሪፈር የሚላክ ከሆነም ምን እንደሚሸፈንና ምን እንደማይሸፈን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

5. ከመክፈላችን በፊት የምንጠይቃቸው

— ፈቃድ ያለው የጥርስ ሐኪም ነው?
— ኤክስሬይ ይነሣል? ያለ ኤክስሬይ ብሎን አይተከልም።
— ዋጋው ሽፋኑን ይጨምራል ወይስ የብሎኑ ብቻ ነው?
— ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል? ከካምፕ ለሚመጣ ሰው ትራንስፖርቱና ማደሪያውም ወጪ ነው።
— ባይሳካስ ምን ይደረጋል?

«ዛሬ ገብተህ ዛሬ የማይወልቅ ጥርስ ይዘህ ትወጣለህ» ከሚል ፈቃድ ከሌለው ሠሪ ተጠንቀቁ። በብዙ አገሮች እንዲህ ያሉ ሰዎች የፕላስቲክ ጥርስ በሽቦና በማጣበቂያ ከጎን ጥርሶች ጋር ያያይዛሉ። በሥሩ ምግብ ይቋጠራል፣ ድዱ ይቆስላል፣ ይዘው የነበሩት ጤነኞች ጥርሶችም ይነቃነቃሉ። ባልተቀቀለ መሣሪያም ሄፓታይተስ ቢና ኤች.አይ.ቪ. ሊተላለፉ ይችላሉ።

የከተማው ሐኪሞች ፈረንሳይኛ ስለሚናገሩ እነዚህን ቃላት ያዙ፦ «ዳንቲዬ» የሚወልቅ ጥርስ፣ «ኩሮን» ሽፋን፣ «ብሪጅ» ድልድይ፣ «ኢምፕላን» የሚተከል ጥርስ ነው። «ራዲዮ» ካሏችሁም ኤክስሬይ ማለታቸው ነው እንጂ ዜና የምንሰማበትን አይደለም።

6. ሳይቃጠል በቅጠል

ከሁሉም የተሻለው ያለንን ጥርስ ማቆየት ነው።

— በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና መቦረሽ። ብሩሽ ያጣ ሰው መፋቂያ ይጠቀም፤ ጫፉን አኝኮ ካለሰለሰ በኋላ የጥርሱን ውስጡንም ውጩንም በቀስታ ይፋቅ።
— የልጆች የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ የሚበቅለው 6 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከወተት ጥርሶች በስተኋላ ነው። ብዙ ወላጅ «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ብሎ ይተወዋል። ይህ ጥርስ ምትክ የለውም።
— የሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት በጥርስ ምክንያት ነው ተብሎ ድድ ተፈልፍሎ የወተት ጥርስ ማስነቀል ይቅር። ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ከሥር ያለውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት ይጥባ፣ ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።
— ቋሚ ጥርስ በአደጋ ከነሥሩ ከወጣ አትጣሉት። ሥሩን ሳትነኩ ነጩን ክፍል ይዛችሁ፣ ቆሻሻ ካለበት ለአፍታ በንጹሕ ውኃ ወይም በወተት አለቅልቁ፤ ሳትፈትጉ ወደ ቦታው መልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ሩጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ የመያዝ ተስፋው ከፍ ያለ ነው። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ድልድይ ሲሠራ ምን ዓይነት ጉዳት በጎን ጥርሶች ላይ ይደርሳል?
ለ. ብሎን ከተተከለ በኋላ ሽፋን ለማስገጠም ለምን ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል?
ሐ. ከ2 ወር በኋላ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ጎረቤት ምክር ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ?

መልሱን ከዚሁ ጽሑፍ ፈልጉ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።