የነብርማ ጌኮ ምግብ መተው፦ ጾም ወይስ ሕመም?

ነብርማ ጌኮ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዩብሌፋሪስ ማኩላሪየስ፣ በፓኪስታን፣ በአፍጋኒስታንና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር የሚኖር እንሽላሊት ነው። የቅርብ ዘመዶቹ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ቆላማ አካባቢዎችም ይገኛሉ። ኤድዋርድ ብላይዝ በ1854 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ ዝርያ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች ውስጥ በብዛት ከሚረቡት ተሳቢ እንስሳት አንዱ ሆኗል። አሳዳጊዎቹን አብዝቶ የሚያስጨንቀው እንስሳው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ የቀረበለትን ፌንጣ ወይም የጥንዚዛ እጭ ሳይነካ መቆየቱ ነው። ጭንቀቱ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶችን ይወልዳል፤ ጤነኛውን እንስሳ አፉን ከፍቶ በግድ ማብላት፣ የታመመውን ደግሞ «ይጾማል» ብሎ መተው። ሁለቱን ለመለየት ከምግብ ሳህኑ ይልቅ ቴርሞሜትርና ሚዛን የተሻለ መረጃ ይሰጣሉ።

ነብርማ ጌኮ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞቹ በሚገባ የሚሠሩት ሰውነቱ ሲሞቅ በመሆኑ፣ በመኖሪያ ሣጥኑ አንደኛው ጫፍ የወለሉ ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ወደ 25 ዲግሪ ዝቅ ማለቱ እንስሳው እየተዘዋወረ ሙቀቱን እንዲያስተካክል ያስችለዋል። ሞቃቱ ጫፍ ሲቀዘቅዝ ሆዱ ውስጥ የገባው ምግብ ሳይፈጭ ይቆያል፤ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ይህ እምቢታ እንስሳውን የሚጠብቅ ነው፤ የማይፈጨውን አለመዋጥ ይሻላልና። የተለመደው ጉድለት ሙቀቱ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ መለኪያ መነበቡ ነው። ጌኮው ሆዱን የሚያሳርፈው ወለሉ ላይ ስለሆነ መለካት ያለበት የወለሉ ሙቀት ነው፤ በሁለቱ መካከል የበርካታ ዲግሪዎች ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ሙቀቱ ተስተካክሎም ምግብ የሚተውባቸው ተፈጥሯዊ ወቅቶች አሉ። አዲስ የተፈለፈለ ግልገል በሰውነቱ በቀረው አስኳል ስለሚኖር የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪገፍ ድረስ ለጥቂት ቀናት አይበላም። ወንዱ በመራቢያ ወቅት፣ ሴቷ እንቁላል በምትቋጥርበት ጊዜ፣ ሁለቱም በብርድ ወራትና ቆዳ ሊቀይሩ ሲሉ ፍላጎታቸው ይቀንሳል። ይህን ጾም የሚያስችላቸው በጅራታቸው ያከማቹት ስብ ነው። ሆኖም ወፍራም ጅራት ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም፤ ከመጠን በላይ የወፈረ ጌኮ በድንገት ምግብ ሲያቆም ስቡ ጉበቱ ውስጥ ተከማችቶ ሊጎዳው ይችላል።

አንዳንዱ እምቢታ ደግሞ ጭራሹን እምቢታ አይደለም። ጌኮው የሚያድነው በዋናነት የሚንቀሳቀሰውን በዓይኑ እየተከተለ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲኖር ወይም መኖሪያው ከመጠን በላይ ሲደርቅ ከዓይን ቆቡ ሥር አሮጌ ቆዳ ይቀራል፤ ምግቡ ፊቱ ቢቀመጥም አያየውም። የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 እጥረት አጥንቱን ሲያለሰልስ ደግሞ መንጋጋው ይላላል፤ ፌንጣውን እያየ፣ እየተጠጋም፣ መንከስ ያቅተዋል። አሳዳጊው «አልፈልግም አለ» ብሎ የሚተረጉመው በእርግጥ «አልቻልኩም» ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ክሪፕቶስፖሪዲየም ቫራኒ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በዋናነት ትንሹን አንጀት ስለሚያጠቃ ምግብ ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ አይገባም፤ ጅራቱ እንደ እንጨት ይቀጥናል፤ ተቅማጥና ማስመለስ ሊከተሉ ይችላሉ። ተሕዋሱ ከዐይነ ምድር ጋር የሚወጣው አልፎ አልፎ በመሆኑ በአንድ ምርመራ አለመገኘቱ እንስሳው ነፃ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። በረኪናን ጨምሮ የተለመዱት ማጽጃዎች አይበግሩትም። ፓሮሞማይሲን የሚወጣውን መጠን ቢቀንስም ጨርሶ ያጠፋዋል ተብሎ አይታመንም። ስለዚህ አንድ ጌኮ ሲከሳ አደጋው የእሱ ብቻ አይደለም፤ በጋራ መቆንጠጫና በጋራ ሳህን ወደ ሌሎቹ ሊሻገር ይችላል።

ጾምን ከሕመም ለመለየት እንግዲህ ከቀናቱ ቁጥር ይልቅ የክብደቱ አካሄድ ይበልጥ ይረዳል። 60 ግራም የሚመዝን ጎልማሳ ሦስት ሳምንት ሳይበላ 58 ግራም ላይ ቢገኝና ንቁ ቢሆን መጠበቅ ይቻላል። ያው እንስሳ በአሥር ቀን ውስጥ 54 ግራም ከደረሰ ግን 10 በመቶ አጥቷልና ተሳቢ እንስሳትን ወደሚያውቅ ሐኪም መወሰድ አለበት። ዓይን 6 ግራምን አይለይም፤ ተራ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይለያል። በየሳምንቱ መዝኖ መጻፍ የሚጀመረው እንስሳው በደህና በሚበላበት ጊዜ ነው፤ ያለ መነሻ ቁጥር ቅናሹ አይታወቅም። ለግልገል ያን ያህል መጠበቅ አይገባም፤ የቆጠበው ስብ ትንሽ ነው።

እርዳታው ሲጀመር ቅደም ተከተሉ ከሙቀት ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ምግብ ነው። የቀዘቀዘን ጌኮ በግድ ማብላት በማይሠራ ሆድ ላይ መጫን ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜ የተራበውንም በአንድ ጊዜ ማጥገብ የደሙን የፖታሲየምና የፎስፌት ሚዛን ሊያናጋ ስለሚችል በጥቂቱ መጀመር ይኖርበታል። ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ እንስሳው ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ የራሱ መቆንጠጫና ሳህን ተመድቦለት፣ ሌሎቹ ሁሉ ከተመገቡ በኋላ በመጨረሻ ተራ ይያዛል።