መቍጠርና መቈጣጠር

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር ቍጥጥር ነው። ቃሉን በቤት፥ በትምህርት ቤት፥ በማኅበርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘወትር እንሰማዋለን። ነገር ግን ከወዴት እንደሚጀምርና ወዴት እንደሚያደርስ ቆም ብለን የምናስብ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ አስቀድመን ቃሉን፥ ቀጥለን መጻሕፍት ስለ እርሱ ያሳዩትን፥ ከዚያም በታሪክ የሆነውን እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ለኑሮአችን የሚጠቅመውን እናወጣለን። ዓ.ም. ብለን ከጻፍነው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ቃሉ

ቍጥጥር የሚለው ቃል ቈጠረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ዘመን አቈጣጠር ስንልም፥ ተቈጣጣሪ ስንልም ሥሩ አንድ ነው። እንግዲህ ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ሰውን መቈጣጠር የሚጀምረው ሰውን ከመቍጠር ነው። ያልተቈጠረውን፥ በመዝገብ ያልገባውን ማንም ሊይዘው አይችልም።

ታዲያ መቍጠር ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። በሉቃስ ወንጌል 15ኛው ምዕራፍ ስለ ተነገረው እረኛ እናስብ። መቶ በጎች ነበሩት፤ ባይቈጥራቸው ኖሮ አንዲቱ እንደ ጠፋች ባላወቀም ነበር። በ2ኛ ሳሙኤል 24ኛው ምዕራፍ ግን ሌላ ቈጠራ እናገኛለን። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ያስቈጥር ዘንድ ኢዮአብን አዘዘው፤ ኢዮአብም ነገሩን አልወደደውም፤ የንጉሡ ቃል ግን አሸነፈ። ዘጠኝ ወርና ሃያ ቀን ከዞሩ በኋላ ሰይፍ የሚመዝዙ ከእስራኤል 800,000፥ ከይሁዳም 500,000 ሰዎች ብለው አመጡለት። ከቈጠረ በኋላ የተጸጸተው ንጉሡ ራሱ ነው።

እረኛው የቈጠረው የጠፋችውን ለመፈለግ ነው፤ ንጉሡ የቈጠረው የእጁን ኃይል ለማወቅ ነው። በእረኛው ቈጠራ ውስጥ አንዲት በግ ከቍጥሩ ትበልጣለች፤ በንጉሡ ቈጠራ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሰው የቍጥሩ አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ልዩነት ይዘን ወደ መጻሕፍት እንሂድ።

ሁለተኛ፤ መጻሕፍት ያሳዩት

ጄረሚ ቤንተም የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሊቅ በ1791 የአንድ ወህኒ ቤት አሳብ በመጽሐፍ አሳተመ። ሕንጻው ክብ ነው፤ የእስረኞቹ ክፍሎች በዙሪያው ይደረደራሉ፤ በመካከሉም ግንብ ይቆማል። ጠባቂው ከግንቡ ሆኖ እስረኞቹን ሁሉ ያያል፤ እነርሱ ግን እርሱን አያዩትም። ስለዚህ እስረኛው በዚህች ሰዓት ይታይ ወይም አይታይ ሊያውቅ አይችልም፤ ሊያውቅ ስለማይችልም ሁልጊዜ እንደሚታይ ሆኖ ይኖራል። የእንግሊዝ መንግሥት አሳቡን ሳይፈጽመው ተወው። ነገር ግን ፈረንሳዊው ሚሼል ፉኮ በ1975 ስለ ቅጣትና ስለ ወህኒ ቤት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ግንብ የዘመናዊ ኅብረተሰብ ምሳሌ አድርጎ አነሣው። የግንቡ ብልሃት ጠባቂው ባይኖርም መሥራቱ ነው፤ እስረኛው ራሱ የራሱ ጠባቂ ሆኖአልና።

ሩሲያዊው ይቭጌኒ ዛምያቲን ከአብዮቱ በኋላ በ1920 እና በ1921 «እኛ» የሚባል ልብ ወለድ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ቍጥር ብቻ አላቸው። ታሪኩን የሚተርከው ሰው ዲ 503 ይባላል። ቤቶቹ ከመስተዋት የተሠሩ ናቸው፤ መጋረጃ የሚወርደውም በተፈቀደው ሰዓት ብቻ ነው። በመጨረሻ መንግሥቱ የሰውን የማሰብና የማለም ኃይል በሕክምና ቈርጦ ለማውጣት ወሰነ። መጽሐፉ በአገሩ እንዳይታተም ተከለከለ፤ በ1924 በኒው ዮርክ በእንግሊዝኛ ታተመ። ደራሲው በ1931 አገሩን ለቅቆ እንዲሄድ ፈቃድ አገኘ፤ በ1937 በፓሪስ ሞተ። በገዛ አገሩ መጽሐፉ የታተመው በ1988 ነው። ስለ ቍጥጥር የተጻፈው መጽሐፍ ራሱ ከስድሳ ዓመት በላይ በቍጥጥር ሥር ኖረ ማለት ነው።

የእንግሊዙ ጆርጅ ኦርዌል ደግሞ ያን መጽሐፍ አንብቦ በ1946 ስለ እርሱ በጋዜጣ ጻፈ፤ በ1949ም «1984» የሚባለውን የራሱን ልብ ወለድ አሳተመ። የዚህ መጽሐፍ ዋና ሰው ዊንስተን ስሚዝ ሥራው የቈዩ ጋዜጦችን ማረም ነው። መንግሥቱ ትናንት የተናገረው ዛሬ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፥ የትናንቱ ጋዜጣ እንደ ገና ይጻፋል፤ አሮጌውም ይቃጠላል። ስለዚህ ቍጥጥር ሰውነትን በመያዝ አይበቃውም፤ ትዝታንም ይፈልጋል። ትናንት ምን እንደ ሆነ የማያስታውስ ሰው ዛሬ በደል እንደ ተደረገበት አያውቅምና።

ከእነዚህ ከሦስቱ አንድ ትምህርት እንሰበስባለን። ቍጥጥር በመጀመሪያ ስምን ወስዶ ቍጥርን ይሰጣል፤ ቀጥሎ ትዝታን ይወስዳል፤ በመጨረሻ ሰው ሳይታዘዝ ራሱን እንዲጠብቅ ያደርገዋል። የሚፈጸመውም በዚህ በሦስተኛው ነው።

ሦስተኛ፤ በታሪክ የሆነው

ይህ ሁሉ የደራሲዎች አሳብ ብቻ እንዳይመስለን፥ የሉተር አገር ከነበረችው ከምሥራቅ ጀርመን ምሳሌ እንውሰድ። ዊተንበርግም፥ አይስሌበንም፥ አይዘናኽም ከ1949 እስከ 1990 በቆየው በዚያ መንግሥት ውስጥ ነበሩ። መንግሥቱ በ1950 የጸጥታ ሚኒስቴር አቋቋመ፤ ሕዝቡ በአጭሩ ሽታዚ ይለው ነበር። በ1989 ዓመት አገሪቱ 16 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖራት፥ ይህ መሥሪያ ቤት 91,000 ያህል ደመወዝተኞች ነበሩት። ከእነርሱም ሌላ ስማቸው ተሰውሮ የሚያገለግሉ ከ170,000 የሚበልጡ ጆሮ ጠቢዎች ነበሩት። የጻፉት መዝገብ ጎን ለጎን ቢደረደር ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሰዎችን የሰውነት ሽታ እንኳ በጨርቅ ወስደው በጠርሙስ ያስቀምጡ ነበር፤ የሚፈለገውን ሰው ውሻ አሽትቶ እንዲያገኘው ነው።

ጆሮ ጠቢዎቹ እነማን ነበሩ? ጎረቤት፥ የሥራ ባልደረባ፥ አስተማሪ፥ አንዳንድ ጊዜም የትዳር ጓደኛ ነበሩ። ሳንሸሽግ ልንናገረው የሚገባን፥ ከአብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮችም መካከል እንዲህ ያሉ ሰዎች ተገኝተዋል። የመዝገቡ ትልቁ ጉዳት በተጻፈበት ሰው ላይ ብቻ አልነበረም። ሰው ሁሉ በባልንጀራው ፊት አንደበቱን መመዘን ለመደ። ግድግዳም ጆሮ አለው የሚለው የእኛ ተረት በዚያ አገር የዕለት ኑሮ ሆነ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ደርግ በ1974 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ምሥራቅ ጀርመን ወዳጁ ሆነች፤ መሪዋ ኤሪክ ሆኔከር በ1979 አዲስ አበባን ጐበኘ፤ የጸጥታ ሚኒስቴሩም የደርግን የጸጥታ ሠራተኞች በማሠልጠን ረዳ። በ1975 የተቋቋሙት የከተማ ቀበሌዎች ለቤት ኪራይና ለሰፈር ጉዳይ የሚያገለግሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ያው መዝገብ በቤቱ ማን እንዳለ ለማወቅም ዋለ፤ በ1977 በየቤቱ አሰሳ ተደረገ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ከ1963 ጀምሮ በአዲስ አበባ ያሠራው የነበረው የወንጌል ድምፅ ራዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የሚባለውን ልብ ወለድ ባሳተመ ጊዜ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉን ግን ሰዎች በስውር እየተቀባበሉ አነበቡት። በብዙ ቤትም ወላጆች ልጆቻቸውን ሆድ ይፍጀው ማለትን አስተማሩ። የቤንተም ግንብ ሳይሠራ በሰው ሆድ ውስጥ ተሠራ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ግንብ እንዴት ይፈርሳል? ወደ ላይፕዚግ ከተማ እንመለስ። በዚያ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ከ1982 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ስለ ሰላም ጸሎት ይደረግ ነበር። በመጀመሪያ የሚመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ጆሮ ጠቢዎችም ከእነርሱ ጋር ይቀመጡ ነበር። በጥቅምት 9 ቀን 1989 ግን ከጸሎቱ በኋላ 70,000 ያህል ሰዎች በከተማይቱ ጎዳና ወጡ። ወታደርና ፖሊስ ተዘጋጅተው ነበር፤ ብዙዎች ደም ይፈስሳል ብለው ፈርተው ነበር። ሕዝቡ ድንጋይ አላነሣም፤ ጥይትም አልተተኰሰም። ከአንድ ወር በኋላ፥ በኅዳር 9 ቀን፥ የበርሊን ግንብ ተከፈተ። በዚያ ምሽት በጎዳናው የወጡት ሰዎች ስማቸው በመዝገብ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ያም ቢሆን ራሳቸውን መጠበቅ ትተው ወጡ። ቍጥጥሩ የተሸነፈው በዚያች ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ለትምህርታችን እጅግ ያስፈልጋል። የሽታዚ ሠራተኞች ወረቀቱን መቀደድ ጀምረው ነበር፤ ሕዝቡ ግን በየከተማው ገብቶ አዳነው፤ በጥር 15 ቀን 1990ም በበርሊን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ገባ። ብዙዎች ይህ መርዝ ይቃጠል አሉ። በታኅሣሥ 1991 የወጣው ሕግ ግን መዝገቡ እንዳይቃጠል፥ ነገር ግን የተጻፈበት ሰው መጥቶ እንዲያነበው ፈቀደ። ከጥር 1992 ጀምሮ ሰዎች ተቀምጠው የገዛ ሕይወታቸውን በሌላ ሰው ጽሕፈት አነበቡ። አንዳንዶች እንባቸውን አፈሰሱ፤ አንዳንዶች ወዳጅ ያሉትን አጡ፤ አንዳንዶችም ያለ ምክንያት የጠረጠሩት ሰው ንጹሕ መሆኑን አወቁ። የተቈጠረው ሰው ቈጣሪውን አየው።

አራተኛ፤ ለኑሮአችን የሚሆነው

እንግዲህ መዝገብን ሁሉ እንጥላ ማለት አይደለም። ክትባት ያልተሰጠው ሕፃን የሚታወቀው በመዝገብ ነው፤ ግብር በቅን የሚከፈለው በመዝገብ ነው፤ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብም በየማኅበሩ አለ። ዛሬ ደግሞ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ወዴት እንደ ሄድን ሊመዘግብ ይችላል፤ የታመመውንም ለማግኘት፥ ያልወደዱትንም ለመያዝ ያገለግላል። ስለዚህ መልካሙን ቈጠራ ከክፉው የምንለይባቸው ሦስት መመዘኛዎች ያስፈልጉናል።

የመጀመሪያው፥ የሚቈጠረው ስለ ማን ጥቅም ነው? እንደ እረኛው የጠፋውን ለመፈለግ ነውን ወይስ እንደ ንጉሡ የራስን ኃይል ለመለካት? ሁለተኛው፥ የተጻፈበት ሰው የተጻፈውን ማንበብና ስሕተት ቢኖር ማሳረም ይችላልን? በብርሃን የሚነበብ መዝገብ ጥቂት ክፋት አለው፤ በጨለማ የሚጻፍ መዝገብ ግን እውነት ቢሆን እንኳ ይመርዛል። ሦስተኛው፥ ቈጣሪው ራሱ ይቈጠራልን? ሌላውን የሚጠይቅ ራሱ የሚጠየቅበት ቦታ ከሌለ ሥልጣኑ ወሰን አጥቶአል።

እነዚህ መመዘኛዎች ለመንግሥት ብቻ የተሰጡ አይደሉም። ሽማግሌዎች ስለ አንድ ምእመን በስውር ሲነጋገሩና እርሱ የመልስ ዕድል ሳያገኝ ሲፈረድበት፥ ትንሹ ሽታዚ በማኅበራችን ተቋቁሞአል። አባት የልጁን ደብዳቤ በስውር ከፍቶ ሲያነብ፥ ልጁ እውነትን ሳይሆን መሸሸግን ይማራል። አስተማሪም አንዱን ተማሪ በባልንጀሮቹ ላይ ነገር አመላላሽ ቢያደርገው፥ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ግን የፍርሃት እንጂ የትምህርት አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ራስን መጠበቅና ራስን መግዛት አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የተለያዩ ናቸው። በቤንተም ግንብ ሥር ያለው እስረኛ ክፉ አያደርግም፤ የማያደርገውም ስለሚታይ ነው፤ ግንቡ ባዶ መሆኑን ያወቀ ቀን ሌላ ሰው ይሆናል። ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ከመንፈስ ፍሬዎች ጋር የቈጠረው ራስን መግዛት ግን ማንም በማያይበት ቦታ ያው ነው። ቋንቋችን ገዛ የሚለውን ቃል ስለ ገበያም ስለ ሥልጣንም ይናገርበታል። በፍርሃት ዝም ያለ ሰው ለሌላ ተሸጦአል፤ እውነትን በትዕግሥትና በጊዜዋ የሚናገር ሰው ግን ራሱን የገዛ ነው። የላይፕዚግ ሰዎች በዚያ ምሽት ሁለቱን አስተባብረው አሳዩን፤ አልፈሩም፥ ድንጋይም አላነሡም።

ለማኅበር ጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የእረኛው ቈጠራና የዳዊት ቈጠራ በምን ይለያያሉ?
2. በዛምያቲን መጽሐፍ ውስጥ የስም መጥፋት ስለ ምን ያስተምረናል?
3. የምሥራቅ ጀርመን መዝገብ ከመቃጠል ይልቅ መነበቡ ምን ጥቅምና ምን ሕመም አመጣ?
4. በማኅበራችን ያሉትን መዝገቦችና ልማዶች በሦስቱ መመዘኛዎች ብንመዝናቸው የትኛው ይጐድላል? ማንስ ሊያስተካክለው ይገባል?