ሦስተኛው ቋንቋ ቅርብ ነው

አፍሪካ አዳራሽ ስብሰባ ያለ ዕለት የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ያስታውቃል። ባጃቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ እንግዶች ከሆቴል ሆቴል ይመላለሳሉ። ማኪያቶ የያዘው ሰውዬ በስልኩ ፈረንሳይኛ ያንበለብላል፤ ከጎኑ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች በዓረብኛ ይሳሳቃሉ፤ አስተናጋጁ በመካከላቸው ቆሞ በእንግሊዝኛ ትዕዛዝ ይቀበላል። ሌላው ቪዛ ለምኖ፣ ትኬት ቆርጦ ሄዶ የሚሰማውን ይህን ሁሉ ቋንቋ የካዛንቺስ ልጅ ታክሲ ሲጠብቅ በነፃ ያገኘዋል። የሚቆጨኝ ብዙዎቻችን እንደ መኪና ጥሩምባ ሰምተነው ማለፋችን ነው።

ምክንያቱም የውጭ ቋንቋ መማር የምትችሉ ሰዎች ናችሁ። እንዲያውም የከበደውን ጨርሳችሁታል።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት የራሱ ተቋም አለው። ይህ ተቋም አማርኛን ከከባዶቹ ቋንቋዎች ተርታ መድቦ፣ አንድን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሥራ የሚበቃ አማርኛ ለማስያዝ 44 ሳምንት፣ 1,100 የክፍል ሰዓት ይመድባል። እንግዲህ ይህንኑ ርቀት ከእኛ ጫፍ ተነስቶ የተጓዘው ማን ነው? በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ፣ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት እየተካፈለ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ተምሮ የተፈተነው ተማሪ ነው። ያ ልጅ ዛሬ አድጎ «እኔ ቋንቋ አይገባኝም» ሲል ስሰማ አንጀቴ ያርራል። በዚያ ላይ ቤቱ ጉራጊኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ደጁ አማርኛ ሆኖለት ያደገ ስንት ሰው አለ! እሱማ እንግሊዝኛውን ሲጨምር ሦስት ቋንቋ ይዟል፤ ማንም ቆጥሮ አልነገረውም እንጂ።

አማርኛ ራሱ ስንቅ ቋጥሮ ነው የሚልካችሁ። ዓረብኛ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ግሡ ከሥር ፊደላት የሚረባበት መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማጥበቅና ማላላትን በጆሮው እየለየ ያደገ ሰው ጣሊያንኛ ላይ አይደናገርም። ግሣችን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ቱርክኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛም እንደዚያው ናቸው። ፈረንጁ ሐሳቡን ገልብጦ የሚደረድርበትን ቦታ እናንተ በለመዳችሁት መንገድ ትሄዱበታላችሁ።

ታዲያ ምን ያዘን? ሃፍረት ይመስለኛል። «ሰባብሬ ብናገር ይስቁብኛል» የሚል ፍርሃት። እስቲ ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የነፃ አገሮች መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙበት ቤት ነው። ቻርተሩ የሥራ ቋንቋዎቹን ሲዘረዝር የሚቻል ከሆነ የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ ከዚያም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ብሏል። እንዲህ ባሉ ጉባኤዎች ላይ አስተርጓሚዎቹ በመስታወት ክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተረጉምና ማይክሮፎኑን ለባልደረባው ይለቃል፤ አእምሮ ከዚያ በላይ ብዙ አይችልም። ተራውን የሚጠብቀውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ተናጋሪው የጠራውን ቁጥርና ስም በወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ ጓደኛው ያስጠጋለታል፤ ቁጥር ከጆሮ ቶሎ ያመልጣልና። ዕድሜውን ለቋንቋ የሰጠ ባለሙያ እንኳ አጠገቡ ሰው ይዞ፣ ወረቀት እያየ ነው የሚሠራው! እናንተ ዋጋ ስትጠይቁ አንድ ቃል ቢጠፋችሁ ምን ያሳፍራል? ደግሞም እነዚህ ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚተረጉሙት ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። አማርኛችሁን አጥርታችሁ መያዛችሁ የሥራው ግማሽ ነው ማለት ነው።

የውጭ ቋንቋን ከአገር መውጫ አድርጎ ብቻ የሚያይ ሰው አለ። አልፈርድበትም፤ ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ሰው የሚሄድበትን አገር ቋንቋ ይዞ ቢሄድ መብቱን ይጠይቅበታል፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ይጮህበታል። ግን ቋንቋ ወደ ውስጥም ያመጣል። ገጣሚው፣ ጋዜጠኛውና ተርጓሚው ነቢይ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ነበር። እዚያ ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ መለሰው። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ዳጎስ ያለ ነው፤ እስር ቤቱ ደግሞ ወረቀት የለውም። የጻፈው ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚወጣው ስስ ወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዷን ወረቀት ዘርግቶ፣ አለስልሶ፣ ፊደሉን አሳንሶ፤ ሲጠራቀም ወደ 3,000 የሚጠጋ ቁርጥራጭ ሆነ። ተደብቆም ከእስር ቤት ወጣ፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። አንዲት አትላንታ ተወልዳ ያደገች ጋዜጠኛ የጻፈችውን የሌላ አገር ጦርነት ታሪክ የማዕከላዊ እስረኞች በአማርኛ ተካፈሉት። ነቢይ ያን ጊዜ በእጁ ምን ነበረው? ከትምህርት ቤት ይዞት የወጣው እንግሊዝኛ። ማንም ፈትሾ ሊቀማው ያልቻለ ንብረት።

ካዛንቺስ ይህ ሐሳብ በደንብ የሚገባው ሰፈር ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ፈርሶ፣ ብዙ ጎረቤት ወደ ሌላ ሰፈር ተበትኗል። ዕቃ በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ የሚሰበረው ይሰበራል፣ የሚጠፋው ይጠፋል። የያዛችሁት ቋንቋ ግን አዲሱ ሰፈር ስትደርሱም እንዳለ ነው።

ለጤናም ይበጃል የሚሉ አሉ። በህንዷ ሃይደራባድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 648 የመርሳት በሽታ ታማሚዎችን አይቶ፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩት ላይ ሕመሙ በ4 ዓመት ተኩል ያህል ዘግይቶ መታየቱን አግኝቷል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችሉትም ላይ ልዩነቱ ታይቷል። ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ግን ያልተማሩት እናቶችና አባቶች ጭምር መቆጠራቸው ደስ ይለኛል፤ ቋንቋ የዲግሪ ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያልና።

እንዴት ይጀመር? ገንዘብ ቢኖር መምህር መያዝ መልካም ነው፤ ከሌለም ስልካችሁ ይበቃል። ፈረንሳይኛ ለሚፈልግ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በቀላል ቋንቋ የሚያቀርበው፣ 10 ደቂቃ ያህል የሚወስድ የዕለት ዜና አለው። ጀርመንኛ ለሚፈልግ ዶቼ ቬሌ «ኒኮስ ቬግ» የሚባል ነፃ የቪዲዮ ትምህርት አዘጋጅቷል። ጮክ ብላችሁ ድገሙት፤ በሆድ የተነበበ ቋንቋ ምላስ ላይ አይወጣም። ከኡራኤል እስከ መናኸሪያ በእግር ስትሄዱ ማዳመጫ ሰክታችሁ አፍ አውጥታችሁ ብትደግሙት የሚያያችሁ ሰው ስልክ የምታወሩ ይመስለዋል። እንግሊዝኛን ብንወስድ፣ ደጋግመው የሚመጡት 2,000 ቃላት ከተራ ጽሑፍ ከ80 በመቶ በላዩን ይሸፍናሉ። በቀን 5 ቃል ብትይዙ ከዓመት ብዙም ሳያልፍ ትደርሱበታላችሁ። ዋናው የያዛችሁትን መልሶ መጎብኘት ነው፤ ዛሬ፣ ነገ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ። በአንድ ቅዳሜ ሁለት መቶ ቃል ሸምድዶ እሑድ የሚረሳ ሰው ስንፍና የለበትም፤ ቃላቱን ተመልሶ ሳያያቸው ቀርቶ ነው።

የቱን ልማር ብላችሁ ካመነታችሁ እኔ ኪስዋሂሊን እላለሁ። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 የሥራ ቋንቋው አድርጎታል፤ የኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ከካዛንቺስ ሩቅ አይደለም። እንደተጻፈ ይነበባል፤ ከዓረብኛ የወሰዳቸው ብዙ ቃላትም ለጆሯችን ቅርብ ናቸው። ከሁሉ በላይ ሰዓቱ የእኛው ሰዓት ነው። ቆጠራው ከንጋት ይጀምራል፤ ፈረንጅ ጠዋት ሰባት ሰዓት የሚለውን የዳሬሰላም ሰው «ሳ ሞጃ» ይለዋል፤ አንድ ሰዓት። ሌላው ተማሪ ስድስት እየደመረና እየቀነሰ ግራ የሚጋባበትን ትምህርት እናንተ ከእናታችሁ ቤት ይዛችሁት መጥታችኋል። ስለዚህ ከሰዓቱ ጀምሩ። ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ እያላችሁ እስከ ዐሥራ ሁለት፤ ዛሬ ማታ ይያዛል።