ለማያውቁት አገር ሥራ ያቆሙ

ደርባን ላይ አንጭንም የተባለው ሥጋ

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካዋ የደርባን ወደብ ጥቁር ጫኝና አውራጆች ለኢጣሊያ ጦር የሚላከውን የቀዘቀዘ ሥጋ አንጭንም አሉ። ዓለም አቀፍ የሠራተኞች አጋርነት የሚባለውን ነገር ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የምጀምረው ከዚህ ነው። የአንዱ አገር ሠራተኛ በሌላው አገር ሠራተኛና ሕዝብ ላይ የሚደርሰውን ግፍ የራሱ ጉዳይ አድርጎ፣ በእጁ ባለው ነገር ሲቆምለት አጋርነት እንለዋለን። የደርባኖቹ እጅ ላይ የነበረው ሸክም ነው፤ ሸክሙን አስቀመጡት።

እነሱ ራሳቸው ምን ዓይነት ኑሮ ይኖሩ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1924 እ.ኤ.አ. የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሕግ የይለፍ ወረቀት ተሸካሚውን ጥቁር በሠራተኛነት አይቆጥረውም ነበር። ማኅበር ቢያቋቁም ሕግ አያውቅለትም። መብት የሌለው ሰው መብቱን ለተነጠቀ ሰው ሥራ አቆመ ማለት ነው።

ውጤቱስ? የእንግሊዝ የሠራተኛ ማኅበራትም በበኩላቸው ማርጌት ከተማ ላይ ተሰብስበው በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ወሰኑ። የመንግሥታቱ ማኅበርም ከኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ማዕቀብ ጣለ፤ ነገር ግን ነዳጅን አላካተተም፣ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ነበር። ሥጋውን አንጭንም ያሉ ነበሩ፤ ነዳጁን የከለከለ ግን አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። የሠራተኛ አጋርነት መንግሥታት ሊያደርጉት ያልፈለጉትን ነገር ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ ይህን ለተማሪ መደበቅ አይገባም።

ወራሪ ጦር ባለበት ሕጉ ምን ይላል?

የ1907 እ.ኤ.አ. የሔግ ደንብ አንቀጽ 43 ወራሪ ኃይል ፈጽሞ ካልተቸገረ በቀር በያዘው አገር የሚሠራውን ሕግ እንዲያከብር ያዛል። የ1949 እ.ኤ.አ. አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 52 ሠራተኞች ለወራሪው እንዲሠሩ ለማስገደድ ሲባል ሆን ብሎ ሥራ አጥ ማድረግን ይከለክላል።

ወረቀቱ መልካም ነው፤ ግን የአገሩን ሕግ አክብር የሚለው ትእዛዝ ጎጂውን ሕግም አብሮ ሊያቆይ ይችላል። ኢራቅን እንይ። ሳዳም ሁሴን በ1987 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ድርጅቶች ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር እንዳይቋቋም ከልክሎ ነበር። አሜሪካ አገሪቱን በ2003 እ.ኤ.አ. ስትይዝ የሳዳምን ብዙ ነገር አፈረሰች፤ ይህን ክልከላ ግን እንዳለ ተወችው። የባስራ የነዳጅ ሠራተኞች እንዲያም ሆኖ ተደራጁ። ጦርነቱን የተቃወሙ የአሜሪካ ማኅበራትም በ2005 እ.ኤ.አ. የኢራቅ የሠራተኛ መሪዎችን ጋብዘው በከተሞቻቸው አዞሯቸው። የወራሪው አገር ሠራተኛ በገዛ መንግሥቱ ፊት ከተወረረው ጋር ሲቆም ከሁሉም የከበደውን አጋርነት ፈጸመ እላለሁ።

የገዛ አገር ወታደር ሲሆን

የባዕድ ወረራና የገዛ አገር ወታደራዊ አገዛዝ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ለማኅበር መሪው ግን በሩን የሚያንኳኳው ያው ጠመንጃ ነው፤ የኛ ታሪክ የሚበዛውም በዚህ በኩል ነው።

ከአርሲ ደጋ ቁልቁል ወደ አዋሽ ሲወረድ ወንጂ ይገኛል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም የወንጂ ሠራተኞች ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ማኅበሩ መቀመጫውን ብራሰልስ ካደረገው የዓለም ነፃ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጋር ተዛመደ፤ ከአሜሪካ ማኅበራትም ገንዘብና ሥልጠና አገኘ። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ።

ወታደራዊው ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ማኅበሩ የሲቪል መንግሥት ይቋቋም ብሎ ጠየቀ። ፕሬዚዳንቱን አቶ በየነ ሰሎሞንን ጨምሮ መሪዎቹ በዚያው መስከረም 1967 ዓ.ም. ታሰሩ። በዓመቱ በአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተተኮሰ፣ አዲስ አበባም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ዋለች። በ1968 ዓ.ም. ማኅበሩ ፈረሰ፤ በጥር 1969 ዓ.ም. ደርግ በሚፈልገው መልክ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ።

የውጭ ወዳጆች ይህን ማስቆም አልቻሉም። እንዲያውም የአሜሪካው ገንዘብ ለጠላት መሣሪያ ሆነ፤ መሪዎቹ የባዕድ ወኪል ተባሉ። የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አጋርነት ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ ረጂው ከሠራተኛው ይልቅ የራሱን መንግሥት ሰልፍ ያይ ነበር። የደርባን ጫኞች ግን የሰጡት ገንዘብ ሳይሆን የራሳቸውን ሥራ ማቆም ነበር።

የመምህራኑ መዝገብ

በ1941 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቼ ቅርብ ነው። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ግንቦት 22 ቀን 1988 ዓ.ም. ከውጭ አገር ሲመለሱ ቦሌ ላይ ተያዙ። ምክትል ዋና ጸሐፊው አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ዶክተር ታዬ በትጥቅ ሴራ ተከሰው በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት ተፈረደባቸው።

የዓለም መምህራን ማኅበራትን ያቀፈው ኤዱኬሽን ኢንተርናሽናል ጉዳዩን ጄኔቫ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ አቀረበው፤ መዝገቡ ቁጥር 1888 ተሰጠው። ይህ ኮሚቴ በ1951 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን የመንግሥታት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ወኪሎች አሉበት። እስር ቤት የሚከፍት ቁልፍ የለውም። የሚያደርገው አቤቱታውን ልኮ መልስ መጠየቅ፣ መልሱ ካላጠገበው እንደገና መጠየቅ፣ ያንኑም ለዓለም ማሳተም ነው። ኢትዮጵያ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድርጅቱ አባል ናት፤ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር ስምምነቶች ቁጥር 87ንና 98ንም በ1955 ዓ.ም. ስላጸደቀች አያገባችሁም ማለት አልቻለችም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ 5 ዓመት አወረደው፤ ዶክተር ታዬ ከዚያ በላይ ታስረው ስለነበር ወጡ። አቤቱታው አስፈታቸው ለማለት ማስረጃ የለኝም። የእስረኛው ስም በየስብሰባው እየተነሣ እንዳይረሳ ማድረጉ ግን አያጠራጥርም። የማኅበሩን ስምና ንብረት በተመለከተ በሁለት ወገኖች መካከል በነበረው ክርክር የመጨረሻው ፍርድ በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ለሚደግፈው ወገን ተሰጠ። በአንድ በኩል አንድ ሰው ተፈታ፣ በሌላው ማኅበሩ ተወሰደ።

አሰላ ላይ ሆኖ ምን ይቻላል?

ወደ አርሲ ስንመለስ፣ የዲገሉ ጢጆና የሌሙ ገብስ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ይገባል፤ ብቅሉ ወደ ቢራ ፋብሪካዎች ይሄዳል፤ ከቢራ ፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ እንደ ሄኒከን ያሉ የውጭ ኩባንያዎች ንብረት ናቸው። ከአንድ ሰንሰለት የሚበሉ ሠራተኞች በብዙ አገር አሉ ማለት ነው። አጋርነት በዚህ ሰንሰለት ላይ ሊሄድ የሚችለው ግን በሁለቱም ጫፍ የተደራጀ ሰው ሲኖር ነው። ያልተደራጀ ሠራተኛ በውጭ አገር ጠያቂ ቢያገኝ እንኳ ማን ወክሎት እንደሚመልስ አይታወቅም።

ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ፋብሪካ ወይም እርሻ የምትገቡ ልጆች፣ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር መኖሩን መጀመሪያ ጠይቁ። ከሌለ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል ይላል። መምህር ለመሆን የምታስቡ ደግሞ ይህን እወቁ፤ ያው አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርም ከአዋጁ ውጭ ነው።