ወንዝ፣ ሰላጤና ውቅያኖስ፦ ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወጣ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ሳይንስ

ሰመር ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የቅዳሜ ማለዳ ሽር ጉድ የተለመደ ነው። እንጀራው ይጠቀለላል፤ ጥብሱና ዶሮው በማቀዝቀዣ ሣጥን ይደረደራል፤ የቡናው ፔርሙዝ ይሞላል። ሁለት ሦስት መኪና ሆኖም ጉዞ ወደ ባሕር ዳርቻ ይጀመራል። ልጆቹ ዋና በትምህርት ቤት ወይም በሰፈር ገንዳ ተምረው ይሆናል። ከወላጆቹ ብዙዎቹ ግን ያደጉት ከባሕር በራቀ ደጋ ነው። ለእነርሱ “ባሕር ዳርቻ” ሲባል ትዝ የሚላቸው ላንጋኖ ነው፤ ሞገዱ ትንሽ፣ ዳርቻውም ቀኑን ሙሉ ከቦታው የማይነቃነቅ ሐይቅ። የላንጋኖ ልምድ ግን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ አያገለግልም።

ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ቤተሰብ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ውኃ ያገኛል፦ ወንዝ፣ ባሕረ ሰላጤና ውቅያኖስ። ሦስቱ ለዓይን ቢመሳሰሉም በጠባያቸው ይለያያሉ። የትኛው ውኃ ፊት እንደቆሙ ማወቅ ቀኑን አስደሳች ከማድረጉም በላይ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ወንዙ፦ ፖቶማክ በአሌክሳንድሪያ

ባሕርን ለማጥናት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አትላንቲክ ብዙ ርቆ ሳለ፣ በአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ወደብ ላይ የፖቶማክ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ የጨረቃ ስበት ነው። ጨረቃ የውቅያኖሱን ውኃ ወደ ራሷ ስትስብ የሚፈጠረው ሙላት በቼሳፒክ ሰላጤ በኩል ገብቶ፣ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ እስከ ዋሽንግተን ይደርሳል። በከተማዋ ላይ ያለው ድንጋያማ ፏፏቴ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ያግደዋል።

ልጆች ይህን በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1855 የተሠራው የመርከብ መሪ መብራት በሚገኝበት በጆንስ ፖይንት መናፈሻ ማለዳ ውኃው የደረሰበትን ድንጋይ ልብ ብሎ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማየት ይበቃል። ሙላቱ በማግስቱ የሚመጣው 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ምድር አንድ ዙር እስክትዞር ጨረቃም በምሕዋሯ ላይ ጥቂት ስለምትጓዝ፣ ምድር እርሷን ለመድረስ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋታል።

ወንዙ ለእግር ጉዞና በዳርቻው በሚያልፈው 29 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ለብስክሌት የተመቸ ነው። ለዋና ግን አይመከርም። ከላይ ረጋ ያለ ቢመስልም ከሥሩ ኃይለኛ ፍሰት ሊኖር ይችላል፤ ከዝናብ በኋላም የከተማው ፍሳሽ ይቀላቀልበታል።

ሰላጤው፦ ለትንንሽ ልጆች የሚስማማው ውኃ

ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ በአናፖሊስ አቅራቢያ የሚገኘው የሳንዲ ፖይንት መናፈሻ በቼሳፒክ ሰላጤ ዳር ያለ አሸዋማ ስፍራ ነው። በሰመር ቅዳሜና እሑድ ብዙ ሰው ስለሚሄድበት ከመነሣት በፊት የመግቢያውን ሁኔታ ማጣራት ይበጃል።

ቼሳፒክ የሰመጠ የወንዝ ሸለቆ ነው። ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት የምድር ሰሜናዊ ክፍል በግግር በረዶ በተሸፈነበት ዘመን፣ የባሕሩ ጠለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ዛሬ ሰላጤ በሆነው ስፍራ የሳስኩሃና ወንዝ ይፈስ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ ብሎ ሸለቆውን ዋጠው። በዚህም 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሰባት ሜትር የማይሞላ ሰፊ ውኃ ተፈጠረ። በሰሜን ጫፉ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ በደቡብ አፉ ደግሞ ወደ ውቅያኖስ ጨዋማነት ይጠጋል።

የውቅያኖስ ሞገድ ትልቅ የሚሆነው ነፋስ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ እየገፋው ስለሚመጣ ነው። ሰላጤው ግን በየብስ የተከበበ በመሆኑ ነፋሱ ይህን ያህል የመሮጫ ሜዳ አያገኝም። ሞገዱ ዝቅ ያለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዋና ለማይችሉና ለሕፃናት ከውቅያኖሱ ይልቅ ይህ ይመረጣል።

ሆኖም ሰላጤው የራሱ ጥንቃቄ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ቆዳን የሚለበልብ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ጄሊፊሽ ይበዛበታል። ይህ ፍጥረት የሚወደው መካከለኛ ጨዋማነት ያለውን ውኃ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ በበዛበት ዓመት በሰሜኑ ክፍል ይቀንሳል። የነደፈው ሰው ከውኃው ወጥቶ ለሕይወት አድን ሠራተኛ ማሳየት አለበት፤ መተንፈስ ካስቸገረው ወይም ፊቱ ካበጠ ወዲያውኑ 911 መደወል ያስፈልጋል። ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ሞቃትና ጨዋማ ወደሆነ ውኃ ባይገባ ይመረጣል፤ በእንዲህ ያለ ውኃ የሚራባው ቪብሪዮ የተባለ ባክቴሪያ በቁስል ገብቶ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላልና። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላም ለሁለት ቀን ያህል ከመዋኘት መታቀብ ጥሩ ነው።

ገደሉ፦ የሻርክ ጥርስ ፍለጋ

ከሰላጤው በስተምዕራብ ወደ ደቡብ የተጓዘ ቤተሰብ ካልቨርት ክሊፍስ ከተባለው የሜሪላንድ መናፈሻ ይደርሳል። መኪና ከሚቆምበት እስከ ውኃው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ በጫካ ውስጥ በእግር ይኬዳል። በስፍራው ያለው ገደል ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የባሕር ወለል የነበረ ሲሆን፣ ከ600 በላይ የፍጥረት ዓይነቶች ቅሪተ አካል ተገኝቶበታል። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ ስትገኝ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ ከአሸዋው የሚያነሣው ትንሽ ጥርስ በዕድሜ ከእርሷ ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ሲነገረው መደነቁ አይቀርም።

ከሻርክ አካል በብዛት የሚገኘው ጥርሱ ነው። የሻርክ አፅም የተሠራው እንደ ሰው ጆሮ ካለ ለስላሳ ልም አጥንት ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ሻርክ በዕድሜው በሺህ የሚቆጠር ጥርስ እያወለቀ ይተካል። ሞገዱ ገደሉን ሲሸረሽር ጥርሶቹ ወደ አሸዋው ይወርዳሉ፤ ወንፊት የያዘ ልጅም በትዕግሥት ሊያገኛቸው ይችላል። ነገር ግን ገደሉ በድንገት የሚናድ በመሆኑ ከሥሩ መሄድም ሆነ ገደሉን መቆፈር ክልክል ነው። የሚፈለገው ውኃው ባመጣው አሸዋ ውስጥ ብቻ ነው።

ውቅያኖሱ፦ ረጋ ያለው ውኃ የሚያታልልበት

6.9 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውንና እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተውን የቼሳፒክ ድልድይ ተሻግሮ፣ በአጠቃላይ ሦስት ሰዓት ገደማ የነዳ ቤተሰብ ኦሽን ሲቲ ይደርሳል። አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚሆን አሸዋ፣ የእንጨት መተላለፊያ፣ የልጆች መጫወቻና አይስክሬም እዚህ አለ። ከፊት ለፊቱ ያለው ግን አትላንቲክ ነው።

“ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” የሚለው የአበው አባባል ለዚህ ስፍራ የተነገረ ይመስላል። በባሕር ዳርቻ ትልቁ አደጋ ሪፕ ከረንት የሚባለው፣ ከዳርቻ ወደ ጥልቁ የሚፈስ ጠባብ ጅረት ነው። የአሜሪካ የሕይወት አድን ሠራተኞች ማኅበር እንደሚገምተው በአገሪቱ በየዓመቱ ከ100 በላይ ሰዎች በዚህ ጅረት ይሞታሉ፤ የባሕር ዳርቻ አዳኞች ከሚያወጧቸው ሰዎችም ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆኑት የተያዙት በእርሱ ነው።

አፈጣጠሩ ቀላል ነው። ሞገዶች እየተከታተሉ ውኃ ወደ ዳርቻ ይገፋሉ። የተከማቸው ውኃ የግድ ወደ ባሕሩ መመለስ አለበትና ከውኃው ሥር ባለው የአሸዋ ክምር መካከል ዝቅ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። ሲያገኝም እንደ ቦይ በዚያ ተጠራቅሞ ይወጣል። ክፍተቱ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ እዚያ ላይ አይሰበርም። ስለዚህ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሲሆን መካከሉ ጠቆር ብሎ የረጋ ይመስላል። ባሕርን የማያውቅ ወላጅ “ልጆቹ እዚያ ረጋ ያለው ጋ ይግቡ” የሚለው ይህንኑ ስፍራ ነው። አረፋ ወይም የባሕር ሣር ወደ ውስጥ ሲሄድ ከታየ ጥርጣሬው ይረጋገጣል።

የጅረቱ ፍጥነት አንዳንድ ጊዜ በሰከንድ 2.4 ሜትር ይደርሳል፤ የኦሎምፒክ ዋናተኛ እንኳ ፊት ለፊት ታግሎ አያሸንፈውም። ሰውን የሚገድለው ግን ወደ ታች ስለሚስበው አይደለም፤ ጅረቱ የሚጎትተው ወደ ፊት ብቻ ነው። የሚሞተው ሰው ወደ ዳርቻ በቀጥታ ለመመለስ ሲታገል አቅሙ ተሟጦ ነው። ስለዚህ የተያዘ ሰው በመጀመሪያ መረጋጋትና በጀርባው መንሳፈፍ አለበት። መዋኘት የሚችል ከሆነ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኝ፤ ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ በዚህ መንገድ ይወጣል፤ ከዚያም በሰያፍ ወደ መሬት ይመለሳል። የማይችል ከሆነ ተንሳፍፎ እጁን እያውለበለበ ይጣራ፤ ሞገዱ ከሚሰበርበት አልፎ የጅረቱ ኃይል ይደክማል።

ከዳር ያለው ዘመድ ተከትሎ ዘሎ መግባት የለበትም። አንድ ሞት ሁለት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ይልቁንም የሕይወት አድን ሠራተኛ መጥራት፣ 911 መደወልና የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር ይገባል፤ የማቀዝቀዣ ሣጥን ክዳን እንኳ ይጠቅማል።

በብዙ የአሜሪካ ባሕር ዳርቻዎች የሚሰቀሉት ባንዲራዎችም ቋንቋ አላቸው። አረንጓዴ አደጋው ዝቅተኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ቀይ ከፍተኛ መሆኑን ይናገራል። ሁለት ቀይ አንድ ላይ ከተሰቀለ ውኃው ተዘግቷል ማለት ነው። ሐምራዊ ደግሞ እንደ ጄሊፊሽ ያለ ጎጂ የባሕር ፍጥረት መኖሩን ያስጠነቅቃል።

ሁሉም ያያል ሲባል ማንም አያይም

ኢትዮጵያውያን ባሕር ዳርቻ የሚወርዱት በብዛት ነው፤ አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤትና ክርስትና አባት ጭምር። ብዛቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አሥር አዋቂ ባለበት እያንዳንዱ “ሌላው ያያቸዋል” ብሎ ወደ ቡናው ሊዞር ይችላል። በአሜሪካ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል መስጠም ቀዳሚ ነው። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ በፊልም እንደሚታየው አይጮኽም። አፉ ከውኃው በላይ ሲወጣ አየር ለመሳብ እንጂ ለመጣራት ጊዜ አያገኝም፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በጸጥታ ሊሰጥም ይችላል።

መፍትሔው ተራ ነው። በየ15 ደቂቃው አንድ ሰው በስም ይመደባል፤ ያ ሰው ስልክ አይነካም፣ አይበላም፣ ዓይኑን ከልጆቹ አያነሣም። በአየር የሚነፋ መጫወቻ ነፋስ ወደ ጥልቁ ስለሚወስደው መከላከያ አይሆንም፤ መዋኘት የማይችል ልጅ በልኩ የተሠራ ላይፍ ጃኬት ያስፈልገዋል።

አሸዋውም ትምህርት አለው። እርጥብ አሸዋ ቤት ሆኖ የሚቆመው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ጥቂት ውኃ አጣብቆ ስለሚይዛቸው ነው፤ ሲደርቅ ይፈርሳል። በጥልቅ የተቆፈረ ጉድጓድም በዚሁ ምክንያት ተደርምሶ ሰው ሊቀብር ይችላል። ጉድጓዱ ከትንሹ ልጅ ጉልበት ማለፍ የለበትም፤ ሲሄዱም መልሶ መድፈን ይገባል።

ደሴቱ፦ ጨዋማ ሣር የሚግጡ ፈረሶች

ከኦሽን ሲቲ በስተደቡብ የአሳቲግ ደሴት አለ። ከተማውና ደሴቱ ቀድሞ የተያያዙ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1933 የመጣ አውሎ ነፋስ መካከሉን ሰንጥቆ ለያያቸው። በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ እንዳሉት ሁሉ እዚህም ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖራሉ። የሚግጡት ጨዋማ ሣር በመሆኑ ከሌላ ፈረስ ይልቅ ብዙ ውኃ ይጠጣሉ፤ ሆዳቸው የተነፋ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉም፤ ስለዚህ ቢያንስ 12 ሜትር፣ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ያህል፣ መራቅና ምግብ አለመስጠት ግዴታ ነው።

ጉዞው የሚታቀደው እንግዲህ በልጆቹ ዕድሜና በአዋቂዎቹ የዋና ችሎታ ነው። ሕፃን ለያዘ ቤተሰብ ሰላጤው፣ መጠየቅ ለሚወድ ተማሪ ገደሉ፣ የሕይወት አድን ሠራተኛ ባለበት ስፍራና ሰዓት ደግሞ ውቅያኖሱ ይስማማል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የዕለቱን የሪፕ ከረንት ትንበያ ስለሚያወጣ ከቤት ሳይነሡ መመልከት ይቻላል። ከደረሱ በኋላም ጫማ ከመወለቁ በፊት መላው ቤተሰብ ዳር ቆሞ ውኃውን ለአምስት ደቂቃ ይመልከት፤ ልጆቹም ያንን ጠቆር ያለ የረጋ ስፍራ ፈልገው በጣታቸው ያሳዩ።