መልሱ ምንባቡ ውስጥ ነው

አንብቦ የመረዳት ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚቸገረው «ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል?» በሚለው ዓይነት ጥያቄ ነው። በቀጥታ የተጻፈውን ማግኘት አይከብድም። ያልተጻፈውን ከተጻፈው ማውጣት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ ከማርክም ያለፈ ነው። እስቲ ስለ ወንጀል ምርመራ ልቦለድ ባዘጋጀሁት አጭር ምንባብ አብረን እንሞክረው።

«ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው አጭር ልቦለድ መርማሪው ዱፒን ነው፤ ታሪኩን የሚተርከው ግን ስሙ ያልተጠቀሰ ጓደኛው ነው። አርተር ኮናን ዶይልም በ1887 ሼርሎክ ሆምስን ሲያስተዋውቅ ትረካውን የሰጠው ለጓደኛው ለዶክተር ዋትሰን ነው። ጓደኛው ፍንጮቹን ያያል፤ መርማሪው የሚያስበውን ግን እስኪነገረው ድረስ አያውቅም። አንባቢም እንደዚያው።»

ጥያቄ፦ ጓደኛው ተራኪ መሆኑ ምን ይጠቅማል?
ሀ. ዶይል ከፖ እንደኮረጀ ያሳያል
ለ. የመርማሪውን ሐሳብ ከአንባቢ ያቆያል
ሐ. ሐኪም ስለሆነ ምርመራውን ያግዛል
መ. ከመርማሪው የበለጠ ብልህ ተራኪ ያስገኛል

እኔ ለእያንዳንዱ ምርጫ «ይህን ያለው የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

«ሀ» ያጓጓል። ፖ ቀደመ፣ ዶይል ተከተለ፤ በቃ ኮረጀ! ግን መከተል ብቻውን መኮረጅን አያሳይም። ሆምስ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ የዱፒንን ስም አንስቶ እንደሚያጣጥለው የምታውቁ ትኖራላችሁ። ይሁን፤ ይሄ እውቀት ከምንባቡ ውጪ ነው፤ ጥያቄውንም አይመልስም። «ሐ» ደግሞ «ዶክተር» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። «መ» ከምንባቡ ጋር ይጣላል፤ እስኪነገረው የማያውቅ ሰው እንዴት ይበልጣል?

የቀረው «ለ» ነው። ቃል በቃል አልተጻፈም፤ ሆኖም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስናገናኝ ወደዚያ ያደርሱናል። ትክክለኛ ድምዳሜ ከጽሑፉ አንድ እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ሦስትና አራት እርምጃ ከተራመድን የራሳችንን ታሪክ እየጻፍን ነው።

ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። አንዱ፣ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢም ይታይ የሚል ነው። ጥሩ የፈተና ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ ፍንጩን ምንባቡ ውስጥ ያስቀምጣል።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። «ፖሊስ አንድ ወጣት ያዘ፤ ቤቱም ውስጥ የተሰረቀ ሞባይል ተገኘ» የሚል መረጃ ደረሰን እንበል። «ሌባው ተያዘ» ብሎ ርዕስ መስጠት «ሀ»ን እንደ መምረጥ ነው። ሞባይሉን ማን ወደ ቤቱ እንዳስገባው መረጃው አይልም፤ ገዝቶት ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ሰው አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(3) እንኳ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ሰጥቶታል፤ ይህ ወጣት ደግሞ ገና አልተከሰሰም።

ፈተና ላይ የተሳሳተ ምርጫ አንድ ማርክ ያስቀንሳል። ጋዜጣ ላይ ግን የሰው ስም ይጠፋል፤ ርዕሱን ያነበበ ሁሉ በማግስቱ የሚወጣውን እርማት አያነብም። ስለዚህ ዜና ስንጽፍም ጥያቄዋን አንርሳት፦ ይህን ያለው የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?